ድካም ነው ወይስ ሕሊና? ለአንዲት የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በጽኑ ሕሙማን ክፍል ስድስት ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። አንድ በዕድሜ የገፉ ታካሚ ጉሮሯቸው ላይ በተከፈተ ቀዳዳ በኩል በመሣሪያ መተንፈስ ከጀመሩ ሰባተኛ ሳምንታቸውን ይዘዋል። ጀርባቸው ቆስሏል፤ ቱቦውን እንዳይነቅሉ እጃቸው ታስሯል። አክታ በሳብኩላቸው ቁጥር ፊታቸው ይጨማደዳል፤ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። ሐኪሞቹ እርስ በርሳቸው ‹ተስፋ የለውም› ይባባላሉ፤ ለልጆቻቸው ግን ‹እየሞከርን ነው› ይላሉ። ልጆቻቸውም ‹የሚቻለው ሁሉ ይደረግ› ብለዋል። በየቀኑ ሰው የማሰቃይ ሆኖ ይሰማኛል። ቤት ስገባ እንቅልፍ የለኝም፤ ልጄን ያለ ምክንያት እቆጣታለሁ። ባልደረቦቼ ‹ትለምጂዋለሽ› ይሉኛል። ለዚህ ሙያ የማልሆን ደካማ ሰው ነኝ? ሥራውን ልልቀቅ?»

ምላሽ፦ «ትለምጂዋለሽ» ያሉዎት ባልደረቦችዎ ክፉ አስበው አይመስለኝም፤ ግን ተሳስተዋል፤ ስሕተታቸውም ጉዳት አለው። እርስዎ የገለጹት ነገር አይለመድም። ለመድኩት የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያደረገው ነገር ማየት ማቆም ነው። ታካሚውን በስሙ መጥራት ትቶ በአልጋ ቁጥሩ ይጠራዋል፤ ወደዚያ ክፍል የሚገባበትን ጊዜ ያሳጥራል፤ ሥራውን በሰዓቱ ይፈጽማል፣ ዓይኑ ግን ከመሣሪያው ላይ አይነሳም። ይህ መልመድ ከተባለ ዋጋውን የሚከፍለው ታካሚው ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሴ አጭር ነው፤ ደካማ አይደሉም፣ ገና ማየት አላቆሙም።

የደረሰብዎት ነገር ስም አለው። በ1984 አንድሩ ጄምተን የተባለ አሜሪካዊ ፈላስፋ ስለ ነርሶች ሥራ ሲጽፍ አንድ ልዩነት አስቀመጠ። አንዳንዱ ጭንቀት የሚመጣው የቱ ትክክል እንደሆነ ስለማናውቅ ወይም ሁለት መልካም ነገሮች ስለተጋጩብን ነው። ሌላው ግን ትክክለኛውን እናውቃለን ብለን እያመንን የተቋሙ አሠራር፣ የሥልጣን ተዋረዱ ወይም የሰው ኃይል እጥረት እንዳንፈጽመው ሲያግደን የሚመጣ ነው። ይህን ሁለተኛውን የሕሊና ጭንቀት እንለዋለን። በሥራ ከመዛል ይለያል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ላይ በሥራ መዛልን የገለጸው በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ጫና የሚመጣ ክስተት አድርጎ ነው፤ ራሱን የቻለ በሽታ አላለውም። የዛለ ሰው ሁለት ሳምንት ቢያርፍ ቢያንስ ለጊዜው ይቀለዋል። የሕሊና ጭንቀት ያለበት ሰው ግን አርፎ ሲመለስ ያው አልጋ፣ ያው ታካሚ፣ ያው ዝምታ ይጠብቁታልና የመጀመሪያው ፈረቃ ሳያልቅ ጭንቀቱ ይመለስበታል። ሁለቱ ተደራርበው ሊገኙ ይችላሉ፤ የሕሊና ጭንቀት ሳይፈታ ሲቆይ ወደ መዛል ይወስዳል። ነገር ግን «እረፍት ውሰጂ» የሚለው ምክር ብቻውን እርስዎን የማያድነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም ማወቅ ያለብዎት ነገር አለ። ኤልዛቤት ኤፕስታይን እና አን ሃምሪክ የተባሉ የነርስ ሙያ ተመራማሪዎች በ2009 እንዳስረዱት፣ እንዲህ ያለ ጭንቀት ታካሚው ከክፍሉ ሲወጣ ወይም ሲሞት ይቀንሳል እንጂ ወደ ዜሮ አይወርድም። ከሥሩ ዝቃጭ ይተዋል። የሚቀጥለው ታካሚ ሲመጣ ጭንቀቱ የሚነሳው ከዚያ ዝቃጭ በላይ ነው፤ ስለዚህ በየዓመቱ መነሻው ከፍ እያለ ይሄዳል። በስድስተኛው ዓመት በልጅዎ ላይ የሚወርደው ቁጣ የእኚህ አባት ጉዳይ ብቻ ላይሆን ይችላል። አንድ ምሽት ቁጭ ብለው፣ እኚህን ታካሚ ሳስብ ሌላ ማን ፊቴ ላይ ይመጣል ብለው ራስዎን ይጠይቁ። ብዙ ባለሙያዎች ይህን ሲጠየቁ ከዓመታት በፊት የነበረ አንድ ሰው ይጠራሉ፤ ስሙን ሲጠሩም ድምፃቸው ይለወጣል። ያ የቆየ ጉዳይ ካልተነሣ ዛሬ የሚወስዱት እርምጃ ሁሉ የሁለት ታካሚዎች ንዴት ይጫነዋል፤ ሐኪሙም ከቃልዎ ይልቅ የሚሰማው ንዴቱን ይሆናል።

አሁን ደስ የማይልዎትን ልናገር። ጭንቀትዎ እውነተኛ ነው፤ እውነተኛ መሆኑ ግን ፍርድዎ ትክክል ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። በጽኑ ሕሙማን ክፍል በሐኪምነት በሠራሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት፣ አንጎላቸው ውስጥ ደም የፈሰሰባቸው አንዲት እናት ነበሩ። አምስት ሳምንት ሙሉ ዓይናቸውን አልገለጡም። «ለምን እናሰቃያቸዋለን?» እያልኩ በየጠዋቱ የሕሙማን ጉብኝት ላይ የምከራከረው እኔ ነበርኩ፤ እንቅልፍ ያጣሁትም እኔው ነበርኩ። ከወራት በኋላ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ሊያመሰግኑን መጡ። የማየው ሥቃይ ስለከበደኝ የማላውቀውን መጨረሻ እንደማውቅ አድርጌ ተናግሬ ነበር። በሌላ በኩል ትክክል ሆኜ ሳለ ዝም ያልኩባቸው ታካሚዎችም አሉ፤ ቁጥራቸው ይበልጣል፤ እነሱም አልተረሱኝም። እርስዎ ከሁለቱ በየትኛው ላይ እንደቆሙ ብቻዎን ሆነው ሊያውቁ አይችሉም።

ብቻዎን የማይቻለው እያንዳንዱ ሰው የሚያየው ቁራጭ ስለሆነ ነው። እርስዎ በፈረቃው ሁሉ አብረውት የሚውሉትን ሰውነት ያያሉ፤ ቁስሉን፣ እንባውን፣ የታሰረውን እጅ። ሐኪሙ የሳንባውን ምስልና የደም ምርመራውን፣ ከዚህ በፊት ያከማቸውንም ተመሳሳይ ሕሙማን ያያል። ልጆቻቸው ደግሞ እናንተ አንዳችሁም የማታውቁትን ሰው ያያሉ፤ ከመታመማቸው በፊት የነበሩትን አባት። ምናልባት እኚህ አባት «እስከ መጨረሻዋ እስትንፋስ ልታገል» የሚሉ ሰው ነበሩ፤ ምናልባትም መታሰርን ከሞት አብልጠው የሚጠሉ ነበሩ። ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት ይህን እስካሁን የጠየቀ የለም። ትልቁ ጉድለት ይህ ይመስለኛል።

«የሚቻለው ሁሉ ይደረግ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የሕክምና ትእዛዝ አይደለም፤ «አባታችንን አትጣሉብን» ማለት ነው። ደግሞም የጥያቄው አቀራረብ መልሱን ይወስነዋል። «ሁሉንም እናድርግ?» የተባለ ልጅ «አይ፣ ግማሹ ይበቃል» ሊል አይችልም። ጥያቄው ሲለወጥ ግን ንግግሩ ይለወጣል፤ «አባታችሁ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ? አሁን እዚህ ተቀምጠው የራሳቸውን ሁኔታ ቢሰሙ ምን ይሉን ነበር?» እንዲህ ሲባል ውሳኔው ከልጆቹ ትከሻ ላይ ይነሣል፤ አባታቸውን እንዲገድሉ ወይም እንዲያድኑ ሳይሆን አባታቸውን እንዲገልጹልን ብቻ ነውና የጠየቅናቸው።

ሐኪሞቹንም ውሸታሞች ብለው አይፈርጁዋቸው። እንዲህ ያለው ዝምታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከጭካኔ አይደለም። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ኃላፊው ሐኪም በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ሲቀያየር፣ ክፉውን ዜና መናገር ሁልጊዜ የሚቀጥለው ሰው ሥራ ይሆናል። ሰባት ሳምንት እንዲህ ያልፋል። «ተስፋ የለውም» የሚለውም ቃል በጓዳ ሲነገርና በወረቀት ላይ ሲሰፍር አንድ አይደለም፤ ብዙ ሐኪሞች በቃል የሚሉትን በፊርማ አይሉትም፤ ምክንያቱም እርግጠኛ አይደሉም። እነሱም የሕሊና ጭንቀት አለባቸው። ይህ ግን ልጆቹን በጨለማ ለማስቀረት ሰበብ አይሆንም፤ እርግጠኛ አለመሆንም ቢሆን ይነገራል።

ከዚህ አጣብቂኝ መውጫ የሚሆን በብዙ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የሚሠራበት ዘዴ አለ፤ ለተወሰነ ጊዜ የሚደረግ ሙከራ ይባላል። ሐኪሞች፣ ነርሶችና ቤተሰብ አንድ ላይ ተቀምጠው፣ ለምሳሌ በሚቀጥሉት 7 ቀናት ሙሉ ሕክምና እንሰጣለን፤ እነዚህን እነዚህን የመሻሻል ምልክቶች እንጠብቃለን፤ በ7ኛው ቀን እዚሁ እንገናኛለን፤ ምልክቶቹ ከመጡ እንቀጥላለን፣ ካልመጡ ግን የሕክምናውን ግብ ከማዳን ወደ ማስታገስ እንለውጣለን ብለው ይስማማሉ። የዚህ ዘዴ ጥቅሙ ማንንም ተስፋ እንዲቆርጥ አለማስገደዱ ነው። ለእርስዎም ጥቅም አለው፤ ማብቂያ የሌለው ሥቃይ ማየትና ማብቂያው የታወቀ ሥቃይ ማየት ለሕሊና እኩል አይከብዱም።

እዚህ ላይ ሁለት የተሳሳቱ እምነቶችን ላርም፤ ክፍሉ ውስጥ ዝምታ ከሚያበዙት መካከል ናቸውና። አንደኛው፣ የተጀመረን ሕክምና ማቆም መግደል ነው የሚለው ነው። በሕክምና ሥነ ምግባር ተቀባይነት ባገኘው አስተያየት፣ ለታካሚው የማይጠቅም ሕክምናን አለመጀመርና ከጀመሩ በኋላ ማቆም በመሠረቱ አይለያዩም፤ እጃችን ላይ የሚሰማን ስሜት ግን ይለያያል፤ ያንን ስሜት አልክድም። ሁለተኛው፣ ሞርፊን ሞትን ያፋጥናል የሚለው ነው። መጠኑ ከሕመሙና ከትንፋሽ ማጠሩ ጋር እየተመዛዘነ በጥንቃቄ ሲሰጥ ሞትን እንደሚያፋጥን ጥናቶች አላሳዩም። ይህን ባለማወቅ የሕመም ማስታገሻ የሚነፈጋቸው ሕሙማን ያሳዝኑኛል። ይሁን እንጂ ሕክምና የማቋረጥ ሕግ ከአገር አገር ይለያያል፤ ሃይማኖታዊ አቋሞችም ይለያያሉ። ስለዚህ በጥብቅ አስጠነቅቃለሁ፤ ምንም ያህል ቢከብድዎት የመሣሪያውን ልክ፣ የኦክስጅኑን ወይም የመድኃኒቱን መጠን በራስዎ ፍርድ አይለውጡ። በርኅራኄ ተነሥተው ይህን ያደረጉ ሰዎች ሕይወታቸው ተበላሽቷል፤ ታካሚውም በግልጽ የመወሰን መብቱን አጥቷል።

በእጅዎ ያለውን ግን ሙሉ በሙሉ ይጠቀሙበት። «እያሰቃየሁ ነው» ያሉት ነገር አብዛኛው ክፍሉ በእርስዎ እጅ የሚሠራ ስለሆነ በእርስዎ እጅ ሊቀል ይችላል። አክታ የሚሳበው ሰዓት ስለደረሰ አይደለም፤ ሲያስፈልግ ብቻ ነው፤ ድምፁ ሲሰማ፣ ኦክስጅኑ ሲወርድ፣ መሣሪያው ሲያመላክት። ከመሳብዎ በፊት ኦክስጅን ይጨመርላቸው፤ ይህም በክፍሉ መመሪያ መሠረት ይሁን፤ አንዱ ስበት ከ15 ሰከንድ አይለፍ። ከአክታ መሳብና ከቁስል ማጠብ በፊት የሚሰጥ የሕመም ማስታገሻ ትእዛዝ እንዲጻፍ ሐኪሙን ይጠይቁ። መናገር ለማይችሉና በመሣሪያ ለሚተነፍሱ ታካሚዎች የተዘጋጀ የሕመም መለኪያም አለ፤ ፊትን፣ የክንድ እንቅስቃሴንና ከመሣሪያው ጋር መስማማትን እየተመለከተ ከ3 እስከ 12 ነጥብ ይሰጣል። በየጊዜው ይሙሉት፤ መዝገብ ላይ ይስፈር። የታሰረው እጅ በየፈረቃው እንደ አዲስ ይታይ፤ ልጃቸው አጠገባቸው እጃቸውን ይዞ በሚቀመጥበት ሰዓት ማሰሪያው ሊፈታ ይችል ይሆናል። ከመንካትዎ በፊትም በስማቸው ይጥሩዋቸው፤ ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ይንገሩዋቸው። መስማት አለመስማታቸውን ማወቅ አይጠበቅብዎትም።

እነዚያ ነጥቦች ሌላ ጥቅም አላቸው። በጉብኝት ሰዓት «እያሰቃያችኋቸው ነው» ያለች ነርስ ክርክር ትጀምራለች፤ «ባለፉት 4 ፈረቃዎች በእያንዳንዱ ስበት የሕመም ነጥባቸው 8 እና 9 ነበር፤ የጀርባቸው ቁስል ሰፍቷል፤ ሲታዘዙ ምላሽ አልሰጡም» ያለች ነርስ ግን ሥራ ትጀምራለች። የአሜሪካ የጽኑ ሕሙማን ነርሶች ማኅበር ለአባላቱ ያዘጋጀው መንገድ አራት እርምጃዎች አሉት፤ የሚሰማኝ የሕሊና ጭንቀት ነው ወይ ብሎ መጠየቅ፣ ስሜቱን አምኖ መቀበል፣ ምንጩንና የራስን ዝግጁነት መመዘን፣ ከዚያም እርምጃ መውሰድ። ብዙዎቻችን ከሁለተኛው ወደ አራተኛው እንዘላለን። ሦስተኛውን አይዝለሉ፤ ምንጩ አንድ ሐኪም ነው፣ የክፍሉ አሠራር ነው፣ ወይስ የቆየ ዝቃጭ? መድኃኒቱ ለየብቻ ነው።

በዚህ መካከል ልጆቻቸው ኮሪደር ላይ ቢይዙዎትና «ይድናሉ?» ቢሉዎት፣ ከሐኪሙ ጀርባ ሆነው የበሽታውን መጨረሻ አይንገሯቸው። ነገር ግን አይዋሿቸው። «ይህን ጥያቄ ሐኪሙ እንዲመልስላችሁ ዛሬውኑ አገናኛችኋለሁ፤ እኔም አብሬ እቀመጣለሁ» ይበሏቸው፤ ያሉትንም ይፈጽሙ። ይህ ለልጆቹም ለሐኪሙም ታማኝ ሆኖ መቆየት ነው። ሐኪሙ ስብሰባውን እምቢ ካለ ወደ ሆስፒታሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሂዱ። ኮሚቴው ፍርድ ቤት አይደለም፤ ማንንም አይቀጣም፤ አስተያየት ይሰጣል፤ ነርስም ልትጠራው የምትችልባቸው ሆስፒታሎች ብዙ ናቸው። በእንዲህ ዓይነት ኮሚቴ ለዓመታት ተቀምጫለሁ፤ ከቀረቡልን ጉዳዮች አብዛኞቹ የሕግም የፍልስፍናም ጥያቄ አልነበሩም፤ መነጋገር የነበረባቸው ሰዎች ሳይነጋገሩ የቆዩባቸው ነበሩ። ኮሚቴ በሌለበት ደግሞ ሜትሮኗ፣ አንድ ከፍተኛ ሐኪምና ከክፍሉ ውጭ የሆነ አንድ ሰው የሚገኙበት ስብሰባ ይጠየቅ፤ የውጩ ሰው መኖር ግድ ነው።

ይህ ሁሉ የማይፈታው ነገር አለ። ምንጩ አንዲት ነርስ ከአቅሟ በላይ ታካሚ መያዟ ከሆነ የትኛውም የሥነ ምግባር ውይይት አይፈታውም፤ የሚፈታው ሰው በመቅጠር ነው። የሠራተኛውን ጽናት ለመገንባት የሚሰጥ ሥልጠናም የተበላሸ አሠራርን ለመሸፈን ሲውል አልስማማበትም፤ ችግሩን ከተቋሙ አንሥቶ በግለሰቡ ጫንቃ ላይ ያደርገዋል። ከከባድ ክስተት በኋላ ሁሉም ሰው ተገዶ የሚቀመጥበት ስለ ክስተቱ እየተናገሩ ስሜትን የማውጫ የአንድ ጊዜ ስብሰባም ሰዎችን ከኋለኛ የአእምሮ ጉዳት እንደማይጠብቅ፣ አንዳንዱንም እንደሚጎዳ ጥናቶች አሳይተዋል። በፈቃደኝነት፣ በመደበኛነት፣ ከጽዳት ሠራተኛ እስከ ከፍተኛ ሐኪም አንድ ላይ ተቀምጠው ስለ ሥራው ስሜት የሚነጋገሩበት መድረክ ግን የተለየ ነው፤ በ1997 በቦስተን ተጀምሮ ወደ ሌሎች አገሮች የተዛመተ እንዲህ ያለ ልማድ አለ። ክፍልዎ ውስጥ በወር አንድ ሰዓት ማግኘት ከተቻለ ያስጀምሩት።

ስለ ራስዎ ጤና አንድ ነገር በግልጽ ልበል። እንቅልፍ ማጣቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ በሥራ ላይ ስሕተት መሥራት ከጀመሩ፣ ወይም የታካሚው ፊት ሳይፈልጉት እየመጣ ቀኑን ካወከብዎት የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያማክሩ። ለመተኛት ብለው ከክፍሉ መድኃኒት መውሰድ ከጀመሩ ግን ሁለት ሳምንት አይጠብቁ። ሞት የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣብዎትም በዚያው ቀን ለሰው ይንገሩ፤ ብቻዎን አይደሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን እኛ የጤና ባለሙያዎች ለሌላ ሰው እንነግራለን፤ ለራሳችን ግን ሆድ ይፍጀው እንላለን። የዓለም ሐኪሞች የሚምሉበት የጄኔቫ ቃለ መሐላ እንኳ በ2017 ሲሻሻል፣ ሐኪሙ የተሻለ ሕክምና ለመስጠት የራሱን ጤና እንደሚጠብቅ የሚናገር ቃል ገብቶበታል።

ሥራውን ልልቀቅ ላሉት፣ አሁን አይልቀቁ። እኚህ ታካሚ አልጋው ላይ እያሉ የሚወሰን ውሳኔ ከጭንቀት መሸሽ ይሆናል፤ ዝቃጩም አብሮዎት ይሄዳል። ሦስት ወር ለራስዎ ይስጡ፤ ቀኑን ይጻፉት። በእነዚህ ወራት ከላይ ያልኩትን ሞክረው፣ ክፍሉ ጥያቄ ማንሣትዎን በቅጣት የሚመልስ ከሆነ፣ ወይም ሐሰት እንዲመዘግቡ ከታዘዙ፣ ያኔ ይልቀቁ፤ ሳያፍሩም ይሂዱ። እስከዚያው ለጥቂት ጊዜ ወደ ሌላ ክፍል መዘዋወርም መፍትሔ ነው፤ ማንም እንደ ሽንፈት ሊቆጥርብዎት አይገባም።

የመጀመሪያው እርምጃ ግን ሦስት ወር አይጠብቅም። በሚቀጥሉት ሁለት ፈረቃዎች የሕመም ነጥቡን በእያንዳንዱ ስበት ይመዝግቡ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ጉብኝቱ አልጋቸው ጋ ሲደርስ፣ ወረቀቱን ይዘው ቁጥሮቹን ያንብቡ፤ ከዚያም ሐኪሙን እንዲህ ብለው ይጠይቁት፦ «የእኚህ አባት ሕክምና ግብ ምንድን ነው? ለልጆቻቸውስ በዚህ ሳምንት በየትኛው ቀን እንነግራቸዋለን? በዚያ ቀን እኔም መገኘት እፈልጋለሁ።»